ለዛፍ ሥራ ወደ ሙቀት አገር ከመሄድ በፊት

ባሕር ዛፍ እየወጣሁ ስቆርጥ ያደግሁ በመሆኔ፣ ዓረብ አገር የቴምር ዛፍ መንከባከብ ነው ሲባል ሥራውን የማውቀው መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን፣ ገመዱ ላይ እንዳለሁ ራሴ ዞረ፤ እጄም አልታዘዝ አለኝ። ሥር የነበረው ባልደረባዬ ደርሶ ባያወርደኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ባልበቃሁ ነበር። ለመሄድ ለሚያስቡ ወገኖች ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ።

ዛፉን አስቀድሞ ማወቅ

የቴምር ዛፍ እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። ቅርንጫፍ የለውም፤ የሚያድገውም አናቱ ላይ ባለው አንድ እምቡጥ ብቻ ነው። ያ እምቡጥ ከተጎዳ ግንዱ ይሞታል። ግንዱ ላይ የደረሰ ቁስልም እንደ ሌላው ዛፍ አይሽርም። ስለዚህ ብረት ሹል ያለው መውጫ ጫማ ማድረግ ነውር ነው። ትኩስ ቁስል ቀይ የዘንባባ ጥንዚዛ የሚባለውን ተባይ ይስባል፤ እጩም ግንዱን ከውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል።

ሥራው ወቅት አለው። ከክረምታቸው መገባደጃ ጀምሮ የወንዴውን አበባ ወስዶ ሴቴው ላይ በእጅ ማዳቀል፣ እሾህ ማንሳት፣ የደረቀ ዘንባባ መቁረጥ፣ ዘለላ ማሰር ይመጣል። የፍሬው ለቀማ ደግሞ በዋናው የሙቀት ወራት ላይ ይውላል። በአገራችን አፋርና ድሬዳዋ ቴምር ስላለ፣ አጋጣሚውን ያገኘ ሰው እዚያ ቢለማመድ መልካም ነው።

እሾሁን አትናቁት። መገጣጠሚያ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ እብጠቱ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ያየው። ዓይንን ያለ መነፅር ይዞ መውጣት አይገባም።

በየመንገዱ ዳር የሚተከለው ረጅሙ የዋሽንግቶኒያ ዘንባባ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። የደረቀው ቅጠል እንደ ቀሚስ ግንዱን ከቦ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ገብቶ የሚቆርጥ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ተንሸራትቶ ሊያፍነው ይችላል። ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ ቢቻል በማንሻ መኪና ላይ ሆኖ መሥራት ይሻላል።

ሰውነትን ማለማመድ

እኔን የጣለኝ ችኮላዬ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉ ሥራው 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ሠርቶ በየቀኑ ሌላ 20 በመቶ ቢጨምር ይመከራል። ውኃ እስኪጠማ ሳይጠብቁ በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ መጠጣት ነው። ሆኖም በሰዓት ከ1 ሊትር ተኩል በላይ መጠጣት ራሱ ይጎዳል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ ሕመም ሲጀምር መውረድ ግድ ነው። ባልደረባ መዘባረቅ ወይም መደናገር ከጀመረ ሙቀት መትቶታል ማለት ነው፤ ጥላ ሥር አስተኝቶ ልብሱን አላልቶ በውኃ እያቀዘቀዙ አምቡላንስ መጥራት እንጂ ያርፍና ይሻለዋል ብሎ መተው ሕይወት ያሳጣል።

የእረፍት ሰዓት ሕጉ

በበጋው ፀሐይ ሥር መሥራት በሕግ የተከለከለበት ሰዓት አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በዓረብ ኤምሬቶች ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00፣ በሳዑዲ በዚያው ወቅት ከ6፡00 እስከ 9፡00 ነው። በኳታር ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 5 ከጠዋቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡30፣ በኩዌት ደግሞ ከግንቦት 24 እስከ ነሐሴ 25 ከ5፡00 እስከ 10፡00 ነው። አለቃ «ጨርስና ታርፋለህ» ቢል ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል።

ገመድና ወረቀት

ብቻ አትውጡ። ቀበቶው ላይ ራሱን ስቶ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ ከሥር የሚቆመው ባልደረባ ማውረድ የሚችል መሆን አለበት። መጋዝ የሚነካው ቦታ ላይ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለበት ማሰሪያ ተጠቀሙ። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ዛፍ መስመሩ ሳይቋረጥ አይነካም።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን ይደነግጋል። ፓስፖርትና የጤና ምርመራን የመሰለው የሠራተኛው ነው። ስለዚህ ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ በውሉ ላይ የሥራው ዓይነት «ግብርና» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ዛፍ መውጣት እንዳለበትና መድኑ ከከፍታ መውደቅን እንደሚሸፍን በግልጽ እንዲሰፍር ይጠይቁ። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት፤ እናንተ ጠይቃችሁ ሂዱ።