ቪፒኤን እና ሪሞት ዴስክቶፕ፦ ከቢሮ ውጭ የሚሠራ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

የያኔው የኬንያ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ እ.አ.አ ማርች 15 ቀን 2020 መሥሪያ ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች፣ ወሳኝ አገልግሎት ከሚሰጡት በስተቀር፣ ሠራተኞቻቸውን ከቤት እንዲያሠሩ አሳሰቡ። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኮሮናቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ይፋ ከሆነ ገና ሁለት ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ ያዘወትሯቸው የነበሩ ሁለት ቃላት በናይሮቢ ሠራተኞች ዘንድ የተለመዱ ሆነዋል፦ ቪፒኤን እና ሪሞት ዴስክቶፕ። ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚነሱ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው፤ ልዩነቱን አለማወቅም የድርጅትን ገንዘብና የደንበኞችን ምሥጢር ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል።

ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቪፒኤን «ምናባዊ የግል ኔትወርክ» እንደማለት ነው። ከሠራተኛው ኮምፒውተር የሚወጣውን መረጃ አመስጥሮ በኢንተርኔት አማካይነት ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ ያደርሳል።

ቢሮው በናይሮቢ አፐር ሂል፣ መኖሪያው ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሮንጋይ የሆነ የሒሳብ ሠራተኛን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ቪፒኤኑን ሲያገናኝ ላፕቶፑ አፐር ሂል ካሉት ኮምፒውተሮች እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ የድርጅቱን ፋይሎችም መክፈት ይችላል። የሚጠቀምበት የካፌ ዋይፋይ ባለቤትም ሆነ የኢንተርኔት አቅራቢው መረጃ መተላለፉን እንጂ ይዘቱን አያዩም። ሆኖም ፋይሉ ወደ ላፕቶፑ ይወርዳል። ላፕቶፑ በቫይረስ የተበከለ ከሆነም ቫይረሱ በዚያው መንገድ ወደ ቢሮው ሊሻገር ይችላል።

ሪሞት ዴስክቶፕ በአንጻሩ ሠራተኛው ቢሮው ያለውን ኮምፒውተር ከርቀት እንዲያዝዝ ያስችለዋል። ሥራው የሚከናወነው እዚያው አፐር ሂል ባለው ማሽን ላይ ነው። ወደ ሮንጋይ የሚመጣው በመሠረቱ የስክሪኑ ምስል ሲሆን፣ ወደ ቢሮ የሚሄደው ደግሞ የኪቦርዱና የማውሱ ትዕዛዝ ነው። ስለዚህ ከባድ ፋይል ማውረድ ሳያስፈልግ መሥራት ይቻላል። ሮንጋይ ውስጥ መብራት ቢጠፋም የተጀመረው ሥራ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ እንደተከፈተ ይቆያል። እ.አ.አ ኦገስት 2023 አብዛኛውን ኬንያ ጨለማ እንዳለበሰው ዓይነት የኃይል መቋረጥ ሲያጋጥም ግን መጠባበቂያ ኃይል የሌለው ቢሮ ጭራሽ አይገኝም።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት አገልግሎቶች

አብዛኛው ሰው ቪፒኤንን የሚያውቀው በሌላ ገጽታው ነው። እ.አ.አ በ2023 እና በ2024 የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በሚሰጥበት ወቅት ቴሌግራም ሲስተጓጎል፣ በኢትዮጵያም እ.አ.አ ከፌብሩወሪ 2023 ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ማኅበራዊ ሚዲያዎች ሲታገዱ፣ በርካቶች እገዳውን ለማለፍ የቪፒኤን መተግበሪያዎችን በስልኮቻቸው ጭነዋል።

ስማቸው አንድ ቢሆንም እነዚህ መተግበሪያዎች ከቢሮው ቪፒኤን ይለያሉ። የቢሮው ቪፒኤን መዳረሻው የድርጅቱ ሰርቨር ነው። የንግድ ቪፒኤን ግን የተጠቃሚውን ግንኙነት ወደ ሌላ ኩባንያ ሰርቨር ይወስዳል። ተጠቃሚው ምን ዓይነት ድረ ገጾችን እንደሚጎበኝ ቀድሞ የማየት ዕድል የነበረው የኢንተርኔት አቅራቢው ነበር፤ አሁን ያ ዕድል ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ይዛወራል። ቪፒኤን ማመንን አያስቀርም፤ የሚታመነውን ወገን ይቀይራል እንጂ። ባለቤቱ በውል ያልታወቀ ነጻ መተግበሪያ የሥራ ኢሜይል በሚከፈትበት ስልክ ላይ ሲጫን አደጋው የድርጅቱም ጭምር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ ደግሞ የትኛውም ቪፒኤን አይሠራም፤ የሚጓዝበት መስመር የለውምና።

ሰርጎ ገቦች የሚፈልጉት በር

የማይክሮሶፍት ሪሞት ዴስክቶፕ በመደበኛ አሠራሩ 3389 በተሰኘው ፖርት ይገናኛል። ሰርጎ ገቦች ይህ ፖርት ለኢንተርኔት ክፍት የሆነባቸውን ኮምፒውተሮች በፕሮግራም እያሰሱ፣ የይለፍ ቃሎችን ደጋግመው ይሞክራሉ። ከተሳካላቸው ፋይሎችን ቆልፈው ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከዚህ ለመጠበቅ የሚመከረው ሪሞት ዴስክቶፕን በቀጥታ ለኢንተርኔት አለመክፈት ነው። ሠራተኛው መጀመሪያ በቪፒኤን ይገባል፤ ኮምፒውተሩን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ቪፒኤኑም ቢሆን ጥንካሬው በመግቢያው ይወሰናል። እ.አ.አ በሜይ 2021 አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ የሚያስተላልፈው ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተሰኘ ኩባንያ ለቀናት ሥራ ያቆመው፣ ጠላፊዎች በአንድ የቆየ የቪፒኤን አካውንት ስለገቡ ነበር። አካውንቱ ከይለፍ ቃል ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ አይጠይቅም ነበር። ኩባንያው ለጠላፊዎቹ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል።

ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚመጣ ወይም በመተግበሪያ የሚገኝ ቁጥር መጠየቅ፣ እንዲህ ያለውን ጥቃት በእጅጉ ያከብደዋል። ሥራ የለቀቁ ሰዎችን አካውንት ወዲያው መዝጋትም የዚያኑ ያህል አስፈላጊ ነው።

የሕግ ተጠያቂነት

በኬንያ ጉዳዩ የጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በ2019 የወጣው የመረጃ ጥበቃ ሕግ፣ የግል መረጃ ተሰርቆ በባለቤቱ ላይ ጉዳት የማድረስ ሥጋት ካለ፣ ድርጅቱ ማወቁን ተከትሎ በ72 ሰዓታት ውስጥ ለመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሩ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሕጉን የጣሰ ድርጅት እስከ 5 ሚሊዮን ሺልንግ ሊቀጣ ይችላል። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጇን በ2024 አጽድቃለች።

በመሆኑም የሥራ ላፕቶፑ ወይም ስልኩ በማታቱ ውስጥ የተሰረቀበት ሠራተኛ እስከ ማግስቱ መጠበቅ የለበትም። ወዲያው ለድርጅቱ ካሳወቀ፣ ሌባው መሣሪያውን ከመክፈቱ በፊት አካውንቱን ከቢሮ መዝጋት ይቻላል።