ከዘነበወርቅ የወጣው ማስጠንቀቂያ

ከኮልፌ 18 ማዞሪያ በቀለበት መንገድ፣ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ዘነበወርቅ የሚወርድ ሰው ከአለርት ሆስፒታል ይደርሳል። በዙሪያው ያለው ሰፈር የሥጋ ደዌ ሕሙማን አሻራ ነው። ሕክምና ፍለጋ ከየአገሩ መጥተው፣ ከዳኑም በኋላ ወደ ቀያቸው መመለሱ አልሆን ብሏቸው ብዙዎቹ እዚያው ጎጆ ቀለሱ። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም፣ በ1970 ደግሞ በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሲከፈት፣ ተስፋው ዳፕሶን በተባለ ርካሽ ክኒን ላይ ነበር።

በ1977 ከአለርት የወጣ ጽሑፍ ያን ተስፋ አናጋው። ዳፕሶን ቀምሰው የማያውቁ ሕሙማን መድኃኒቱን የተላመደ ጀርም ይዘው ተገኙ።

ይህን ማረጋገጥ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በብልቃጥ አይራባም። ከሕመምተኛው ቆዳ ተወስዶ በአይጥ ውስጥ እግር ይወጋል፤ አይጧ ዳፕሶን የተቀላቀለበት መኖ ትመገባለች፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። ጀርሙ አንዴ ለሁለት ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት መልሱ የሚገኘው ከወራት በኋላ ነው። ይህ ድካም በከተማዋ የሕክምና ታሪክ ከሚገባው በታች ነው የሚወሳው።

የመላመዱ ምስጢር ያለው በጀርሙ ዲኤንኤ ውስጥ ነው። ዳፕሶን የሚያርፍበትን ፕሮቲን በሚሠራው ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። ፊደል ብቻ አይደለም፤ የዲኤንኤው ክር ራሱም ይበጠሳል። ያን ጊዜ ሕዋስ ወይ ያልተጎዳውን ቅጂ እያየ ይጠግናል፣ ወይ የተበጠሱትን ጫፎች እንደነገሩ ይቋጥራል፤ በቋጠሮው ላይ ፊደል ሊጎድል ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሁለቱንም ያውቃል። የሥጋ ደዌው ዘመዱ ግን መቋጠሪያውን አጥቷል። በ2001 ሙሉ ዘረመሉ ሲነበብ 1,600 ያህል የሚሠሩ ዘረመሎች ተገኙ፤ ሌሎች 1,100 ያህሉ ደግሞ ፍርስራሽ ናቸው።

በ2018 ከ25 አገሮች የተሰበሰቡ 154 የጀርሙ ናሙናዎች ተነጻጽረው ነበር። መድኃኒት የተላመዱ ስምንት ዝርያዎች ከሌሎቹ እጅግ የበዛ የፊደል ለውጥ ተከማችቶባቸው ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት ኤንቲኤች የተባለ የዲኤንኤ ጠጋኝ ዘረመል መበላሸቱን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1981 ጀምሮ ዳፕሶን ብቻውን እንዳይሰጥ፣ ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር እንዲጣመር መክሯል፤ ከአንዱ ያመለጠ ጀርም በሌላው ይያዛልና። ለዚህም ነው ሕመምተኛው በወር አንዴ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፋምፒሲኑን ባለሙያው እያየው የሚውጠው።