እርከን፦ «ሰላም» ሲወርድና ሲወጣ

የኔትወርክ ባለሙያዎች «ሌየር» የሚሉትን «ንብርብር» ብሎ መመለስ ይቻላል። እኔ ግን «እርከን» እላለሁ። ንብርብር ባለበት የተቀመጠ ነገር ነው፤ በእርከን ግን ይወረዳል፣ ይወጣል። መልእክትም የሚሄደው እንዲሁ ነው።

በኬብል ከተገናኘ ኮምፒውተር «ሰላም» ብለን እንላክ። ከላይኛው እርከን፣ ከአፕሊኬሽኑ ዘንድ፣ ቃሉ ወደ ባይት ይለወጣል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚፈጅ «ሰላም» 9 ባይት ይሆናል። ወደ ማጓጓዣው እርከን ሲወርድ ቲሲፒ ቢያንስ 20 ባይት ያክልበታል፤ መልእክቱ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚሰጥና ተራው ስንተኛ እንደሆነ የሚጻፈው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ አይፒ (4ኛው ስሪት) የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይዞ ሌላ 20 ይጨምራል። ከታች ኢተርኔት በ18 ባይት ይጠቀልለዋል። ባይጨመርበት እንኳ 67 ባይት ሆኗል፤ የእኛ 9ኙ ብቻ ናቸው! ተቀባዩ ጋ ሲደርስ በየእርከኑ አንድ አንድ መጠቅለያ እየተገፈፈ ይወጣል።

ውበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የትኛውም እርከን ከላይ የተረከበውን ከፍቶ ማየት አያስፈልገውም። አይፒ የያዘው ሰላምታ ይሁን ፎቶ ግድ የለውም። መንገድ ላይ ያለ ራውተር የኢተርኔቱን መጠቅለያ ጥሎ ለቀጣዩ መንገድ አዲስ ያለብሰዋል፤ የመድረሻው አይፒ አድራሻ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ኬብሉ በዋይፋይ ቢተካ የሚለወጠው የታችኛው እርከን ብቻ ነው፤ «ሰላም»ን የጻፈው ፕሮግራም አንድ መስመር አይነካም።

የእርከኖቹ ቁጥር እንደ ሞዴሉ ይለያያል። በ1984 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው ኦኤስአይ 7 አለው፤ ኢንተርኔት በተግባር የሚሠራው ግን ከላይ ያየናቸውን 4 ይዞ ነው። ተማሪ 7ቱን በቃሉ ከመሸምደዱ በፊት አንድ መልእክት ተከትሎ ቢወርድና ቢወጣ እመርጣለሁ። ያም ሆኖ ባለሙያዎች ዛሬም «ሌየር ሁለት»፣ «ሌየር ሦስት» የሚሉት በኦኤስአይ ቆጠራ ነው።

ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» እያለ ገጽ አልከፍት ሲል ይህ እውቀት ይጠቅማል። የታችኛው እርከን ደህና ነው ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የውጭ አይፒ አድራሻ በቁጥሩ ፒንግ ይደረግ። ከመለሰ አይፒም ደህና ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ስምን ወደ አድራሻ የሚመልሰው ዲኤንኤስ ላይ ይገኛል። ያን ጊዜ ኬብል መንቀልና መሰካት ትርፉ ድካም ነው።