ወደ እንጦጦ ሊመጣ የነበረው ባቡር



እንጦጦ ላይ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ ተራራውና ባቡር የሚገናኙ ነገሮች አይመስሉትም። ዳሩ ግን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ላይ መስመሩ በሦስት ተከፍሎ ነበር። ይኸውም የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነው። በዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ከተራራው ወርዶ ወደ ፍልውሃው አጠገብ መጥቷል፤ በወረቀት ላይ ግን ስሙ ገና አልወረደም ነበር።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበረ፣ ጥቂት አያቶች ተጠራርተን የልጅ ልጆቻችንን ከመገናኛ በከተማው ባቡር አሳፍረን ወደ ለገሀር ይዘናቸው ሄድን። ለም ሆቴልን፣ ሃያ ሁለትን፣ ኡራኤልን እያለፍን ስንጓዝ ልጆቹ ከመስኮቱ አልነቀል አሉ። ባቡሩ ጡሩምባውን ሲነፋ አንዷ፦ «ማን ሞተ?» ብላ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀችው፤ መቼም የዕድርተኛ ልጅ ናት! ሌላው ደግሞ፦ «አባባ፣ ባቡሩ እኛ ሰፈር ድረስ ለምን አይመጣም?» ሲል ጠየቀ።

መልሱ ባጭሩ፣ ባቡር ዳገት አይወድም ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሐዲዱ ቀስ እያለ ካልወጣ አይሆንለትም። እንጦጦ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ነው። በዚሁ ጠንቅ ሐረርም ቀርቶባታል። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሆኖ ስለተገኘ፣ መስመሩ በግርጌው በሜዳው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ሌላ ተተካና ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ ባቡሩን በከተማቸው አላዩትም። የቆመውም በስተደቡብ ሜዳው ላይ ነው። ለገሀር የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ማለት ሲሆን ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ እንጦጦ ምን ደረሰው? ባሕር ዛፍ። ከተማው በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበረ ይታወቃል፤ በኋላ ይህ የባዕድ አገር ዛፍ በቅሎ አዳነው። በእኛ አስተያየት አዲስ አበባን ከቦታዋ እንዳትነቀል ያደረጓት ባሕር ዛፍና ባቡር ናቸው። ነገር ግን ባቡሩ ከታች የመጣለትን ጭነት በእሳት ኃይል ሲጎትት፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን እንጨት የተሸከመው የእናቶቻችን ጀርባ ነው። ተራራው በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ሲከፈት ያዩ ልጆች ይህን ካልነገርናቸው ከየት ያውቁታል?

ለገሀር ወርደን ከአሮጌው ጣቢያ ፊት ስንቆም ከመካከላችን ያሉት ሴቶች የቁልቢን ነገር አነሡ። ታህሣሥ 19 ሲቃረብ ስለት ያለበት ሁሉ ከዚህ ተሳፍሮ፣ በአቃቂ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በናዝሬት፣ በአዋሽ አድርጎ ድሬዳዋ ይወርድና ከዚያ በመኪና ወደ ገብርኤል ይወጣ ነበር። ያ ነው የበዓል ባቡር! ስንቁ አገልግል ነው፤ ሌሊቱን በመዝሙርና በእልልታ የሚያነጋ ሞልቷል፤ በየጣቢያው በመስኮት በኩል ብርቱካን ይገዛል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የተዘጋውን በር እያዩ፦ «እሺ አሁንስ የት ሄደ?» አሉ።

አሮጌው ባቡር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን አቆመ። አዲሱ የጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መነሻው ግን ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው። ስለዚህ በውል እንጦጦ ይገባል የተባለው ባቡር መጀመሪያ ለገሀር ቆመ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ለቡ ወርዶ ራቀን። ልጆቹ ለመጪው መስቀል እዚያም ውሰዱን ብለዋል። ከአያቶች መካከል ጉልበቱ የሚችልለት ስሙን ለዕድሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ።