የሕፃን መኝታ ወለል በይፋት ቆላ

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባሉ የይፋት ቆላ መንደሮች ሕፃን የሚተኛበትና የሚድህበት ወለል ለብዙ ትውልድ ሁለት ነገር ነበረው፦ ከሥር የተደለደለና በእበት የተለቀለቀ አፈር፣ ከላይ ተጠቅልሎ የሚነሣ ንጣፍ። ሥረኛው ከቤቱ ጋር ይኖራል፤ ላይኛው ቀን ይራገፋል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲያረጅ ይጣላል። ልጁን ከአፈር እርጥበት፣ ከቁንጫና ከጊንጥ የሚለየው ይኸው ንጣፍ በመሆኑ የወለሉ ታሪክ በአመዛኙ የንጣፉ ታሪክ ነው። አፈሩ በሲሚንቶ መተካት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ንጣፉ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል።

የንጣፉን ዓይነት የወሰነው የአገሩ አቀማመጥ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በስተምዕራብ ገደሉ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ የመንዝ ደጋ ነው። በስተምሥራቅ አገሩ እየዘቀዘቀ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። የበግ ጠጉር የሚፈተልበት ብርዳም አምባና የዘንባባ ቅጠል የሚጎነጎንበት በረሃ የጥቂት ቀን የእግር መንገድ ብቻ ይለያያቸዋል። የይፋት ሰው በመካከል ተቀምጦ ከሁለቱም ገዝቷል።

ይፋት የድንጋይ ቤት አገርም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን ሱልጣኔት ወርሶ ከተመሠረተ በኋላ በገደሉ ወገብ ላይ መስጊድ ያላቸው የድንጋይ ከተሞች ኖረዋል። ኖራና አስባሪ የተባሉት ፍርስራሾች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህም የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አጥንተዋቸዋል። ዛሬም አርጎቦች የሚኖሩባት የሾንኬ መንደር ከኮረብታ ላይ ተጠጋግተው በቆሙ የድንጋይ ቤቶቿ ትታወቃለች። የወላስማ ወራሾች ኋላ ወደ ምሥራቅ ተሻግረው፣ መናገሻቸው እ.ኤ.አ. በ1520 ሐረር ሆነች። በሐረር ቤት ውስጥ በደረጃ ከፍ ከፍ ያሉና በቀይ አፈር የተለሰኑ መደቦች በሰሌንና በምንጣፍ ይለበሳሉ፤ በጫማ አይረገጡም። ከፍ ያለ፣ ጫማ የማይደርስበትና የተነጠፈ ቦታ ለሰው መኝታ መለየት በሁለቱም አገር የቆየ ልማድ ነው። ከሕፃን ጤና አንጻር ሲታይ ደግሞ ከማንኛውም የንጣፍ ዓይነት ይልቅ የሚበልጠው ይህ መለየት ሳይሆን አይቀርም።

የአፈሩ ወለል ሲሠራ ቦታው ይደለደላል፣ ውሃ እየተረጨ ይጠቀጠቃል። ጥቁር መረሬ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ፣ ከተገኘ ቀይ አፈር ይመረጣል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ ለቀናት ይቦካል፤ ከዚያ በእጅ ይለሰናል። በመጨረሻ ትኩስ እበት በውሃ በጥብጦ መለቅለቅ አለ። ይህ የሴቶች ሥራ ነበር፤ የሚደገመውም በየጊዜው፣ በተለይ በበዓል ዋዜማና ቤት ውስጥ ወላድ ስትኖር ነው። እበት ውስጥ ያለው ያልተፈጨ የሣር ጭረት አፈሩን ያያይዘዋል፤ አቧራው ይተኛል፣ ስንጥቁ ይደፈናል። ስንጥቅ መድፈን ለቆላ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጊንጥና ቁንጫ የሚኖሩት በዚያው ነው። የተለቀለቀ ወለል ሲደርቅ ለስላሳ ነው፣ በቆላ ሙቀትም ይቀዘቅዛል። ለበዓል ወይም ለክርስትና ቄጤማ ሲጎዘጎዝበት ደግሞ ለልጅ ከዚያ የተሻለ መጫወቻ አልነበረም።

ጉዳቱም ግልጽ ነው። እበት የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስያን ይይዛል፤ ይህ በሽታ የሚገባው በቁስል ነውና አዲስ የተወለደ ሕፃን እትብቱ ሳይደርቅ ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር መነካካቱ ለሞት ያደርስ ነበር። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ በዓለም የጤና ድርጅት ለመላው አገር የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ለዚህ የበቃችውም በክትባትና በንጹሕ ወሊድ እንጂ በወለል ለውጥ አይደለም። የአንጀት ትላትል እንቁላልም በአፈር ወለል ውስጥ ይቆያል፤ የሚድህ ልጅ እጁን ወደ አፉ በወሰደ ቁጥር አብሮት ይገባል። ሌላው ሙጀሌ ነው። ይህች ቁንጫ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመርከብ አንጎላ ገብታ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አህጉሩን አቋርጣለች። የምትፈለፈለው በደረቅ፣ ላላ ባለና አቧራማ አፈር ውስጥ ስለሆነ፣ ልቅለቃው ሲጓደል የመጀመሪያው ተጠቂ ባዶ እግሩን የሚሄደው ልጅ ነው።

ከአፈሩ በላይ የሚነጠፈው የቆላው ንጣፍ ሰሌን ነው። የሚሠራው በአፋር በረሃ የወንዝ ዳር ከሚበቅለው ዘንባባ ቅጠል ነው፤ ሠሪዎቹም በአብዛኛው የአፋር ሴቶች ናቸው። ቅጠሉ ተሰንጥቆ ይደርቃል፣ በውሃ ይርሳል፣ ረጅም ጠባብ ጥለት ሆኖ ይጎነጎናል፤ ከዚያ ጥለቶቹ ጎን ለጎን ተገጥመው ይሰፋሉ። አፋሮች ቤታቸውን ራሱ የሚያለብሱት በሰሌን ነው፣ ሲነሡም ጠቅልለው በግመል ይጭኑታል። ወደ ይፋት የሚደርሰው በገበያ ነበር፤ በዋናነትም በየእሑዱ በሚቆመው የሰንበቴ ገበያና በሰኞው የባቲ ገበያ። በእነዚህ ገበያዎች አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ተገናኝተው ጨውን፣ ከብትን፣ እህልንና ሸማን ይለዋወጡ ነበር፤ የአንድ ሕፃን መኝታም ከዚሁ ልውውጥ ይገኝ ነበር። በሙስሊም ቤት ሰሌን የሰላት መስገጃም ስለሆነ በጫማ አይረገጥም፣ ቆሻሻም አይደርስበትም፤ ልጁም የዚህ ንጽሕና ተካፋይ ነው።

ለቆላ አየር ሰሌንን የሚስተካከለው ንጣፍ ጥቂት ነው። ላብ አይዝም፣ አየር ያሳልፋል፣ ሕፃኑ ቢሸናበት ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፤ በበጋ ሌሊት ደጅ አውጥቶ ለመተኛትም ይመቻል። ጉድለቱ ቀጭን መሆኑ ነው። ልጅ ሲወድቅበት አያድንም፣ ጫፉ ሲፈታ ደግሞ ይወጋል። ስለዚህ ከሰሌን በላይ ሌላ ነገር ይደረባል፤ ያ ሌላ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከደጋ የመጣ ነው።

የበሬ ቆዳ ተወጥሮ ከደረቀና ታሽቶ ከለሰለሰ በኋላ ቁርበት ይሆናል፤ የአዋቂም የልጅም መኝታ ነበር። የበግ ቆዳ ከነጠጉሩ ሲለፋ አጎዛ ነው፤ ለሕፃን ከቁርበት ይልቅ ይለሰልሳል፣ ሽንት ሲነካው ግን ሽታው ቶሎ አይለቅም። ከመንዝ የሚወርደው ባና ደግሞ ሴቶች ከፈተሉት የበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም ጨርቅ ነው፤ ለደጋ ብርድ የተሠራ ስለሆነ በሸዋ ሮቢት ከልብስነቱ ይልቅ ንጣፍነቱ ያመዝናል። ጠጉር ነገር ግን ቁንጫና አቧራ ይይዛል። ፀሐይ ላይ ማስጣትና በዱላ ማራገፍ ልማድ የሆነውም ስለዚህ ነው። የደጋው የሱፍ ሥራ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ፋብሪካ ሆነ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋም ባናው በብርድ ልብስ መተካት ጀመረ።

ልጁ የት ይተኛ የሚለው ጥያቄ ከምን ላይ ይተኛ ከሚለው ያላነሰ ክብደት ነበረው። በአንድ ክፍል ቤት ምድጃው መካከል ላይ፣ በሦስት ጉልቻ ተከቦ ይነዳል፤ የሚድህ ልጅ ትልቁ አደጋም ይኸው እሳት ነው። ከግድግዳው ጋር የተያያዘው የጭቃ መደብ ሕፃኑን ከእሳቱም፣ ከቤት ከሚያድሩት ጥጆችና ፍየሎችም ያርቀዋል። ከፍታው ከጉልበት ብዙም አያልፍም፤ ልጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳቱ ከጠፍር አልጋ ሲወድቅ ከሚደርስበት ያነሰ ነው። ትንንሽ ልጆችን ከአልጋ ይልቅ መሬት ላይ ወይም መደብ ላይ ማስተኛት ከድህነት ብቻ የመጣ ሳይሆን በሚገባ የታሰበበት ጥንቃቄም ነበር።

የወባ ዘመቻ ደግሞ ለወለሉ ያልታሰበ ሥርዓት አመጣለት። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል፤ በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ የወባ ቆላዎች የቤት ግድግዳ ዲዲቲ ይረጭ ጀመር። ግድግዳው እንደገና ከተለቀለቀ መድኃኒቱ ስለሚሸፈን፣ ከርጭት በኋላ ግድግዳ እንዳይለቀለቅ ይነገር ነበር፤ ወለሉ ግን ሕፃናት ተመልሰው ከመግባታቸው በፊት በደንብ መጠረግ ነበረበት። ለዘመናት ቤቱን ከግድግዳ እስከ ወለል በአንድ እጅ ስትለቀልቅ ለኖረች ሴት ይህ ሁለቱን መለየት ማለት ነበር። ኋላ በመድኃኒት የተነከረው አጎበር ሲመጣ ሰሌን አዲስ ጥቅም አገኘ፦ መሬት ላይ ለሚተኛ ልጅ የአጎበሩ ጫፍ የሚወሸቀው ከንጣፉ ሥር ነው። ንጣፉ ጠባብ ከሆነ ልጁ እየተገላበጠ ክንዱን ከአጎበሩ ጋር ያገናኛል፣ ትንኟም በቀዳዳው ትነድፈዋለች፤ ስለዚህ ለልጅ የሚመረጠው ንጣፍ ሰፊ መሆን አለበት።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጣርማ በርን ተራራ በስተው የደሴን መንገድ ሲሠሩ በመኪና መንገዱ ዳር ያሉ ከተሞች አደጉ። ሲሚንቶም በዚያው ዘመን ነው በአገር ውስጥ መመረት የጀመረው፤ የመጀመሪያው ፋብሪካ የድሬዳዋው ነው። ሙገር እ.ኤ.አ. በ1984፣ ደርባ በ2012 ተከተሉ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በእንሳሮ ወረዳ፣ የለሚ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በሸዋ ሮቢት ከተማ ሊሾ የሚባለው የሲሚንቶ ወለል ከመንግሥት ቤትና ከሆቴል ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ገጠሩ ግን በአብዛኛው በአፈር ወለል ላይ ቀረ። እዚያ የተለወጠው ንጣፉ ነው፦ የማዳበሪያ ከረጢት ተፈትቶና ተሰፍቶ ምንጣፍ ሆነ፣ ኬሻ ከሰሌን ሥር ተደረበ፣ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍና ስፖንጅ ፍራሽ የቁርበቱን ቦታ ወሰዱ። የማዳበሪያ ከረጢት የኬሚካል ትቢያ ይዞ ሊቀር ስለሚችል ለሕፃን መኝታ ባይውል ይመረጣል።

ሊሾ ለልጅ ጤና ምን እንደሚያመጣ በግልጽ የታየው በሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በኮዋዊላ ግዛት «ፒሶ ፊርሜ» በተባለ መርሐ ግብር የድሆች ቤት የአፈር ወለል በሲሚንቶ ተሸፈነ። በ2009 የታተመው ጥናት እንዳሳየው የአፈሩ ወለል ሙሉ በሙሉ ሲተካ በሕፃናት ላይ የጥገኛ ትላትል በሽታ በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለወለል ሲሚንቶ አላከፋፈለም፤ ከብትን ከሰው መኝታ መለየትን፣ መጸዳጃ ቤትንና የቤት ንጽሕናን ግን አስተማረ። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ላለው ለቀወት ወረዳ ገጠር ከሲሚንቶ ዋጋ ይልቅ ይህ ይቀርብ ነበር። በሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተጠቀጠቀ አፈር በተልባ ዘይት እየተሸፈነ ውሃ የማያስገባና የሚታጠብ ወለል ይሠራል፤ ተልባ በሚበቅልበት በሰሜን ሸዋም ሊሞከር የሚገባው ነው።

የቅርቡ ዘመን መከራ ንጣፍን እንደገና ከሁሉ የሚቀድም ዕቃ አደረገው። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ተሰደደ። በመጠለያ ባዶ ሲሚንቶ ላይ የሚያድር ሕፃን ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ ለተፈናቃይ ከምግብ ቀጥሎ የመኝታ ምንጣፍና ብርድ ልብስ የሚታደለው ለዚህ ነው። ከቆላ ወጥቶ በደብረ ብርሃን ብርድ ለተጠለለ ቤተሰብ ሰሌን ብቻውን አይበቃም ነበር።

ዛሬ በከተማው ቤት የልጅ ክፍል ወለል ሲታሰብ የሚቀርበው ምርጫ ሰፍቷል፦ ሊሾ፣ ሴራሚክ፣ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ጠጉራም ምንጣፍ፣ እየተገጣጠመ የሚነጠፍ የስፖንጅ ሰሌዳ። ሴራሚክ ለጽዳት ይቀላል፤ እርጥብ ሲሆን ግን ያንሸራትታል፣ ለወደቀ ጭንቅላትም ርኅራኄ የለውም። ለስላሳ ፕላስቲክ የሚለሰልሰው ፍታሌት በሚባሉ ኬሚካሎች ሊሆን ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት የተወሰኑትን ከልጆች መጫወቻ ያገደው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። የሚገጣጠሙት የስፖንጅ ሰሌዳዎችም ፎርማማይድ በተባለ ኬሚካል ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ማብቂያ በቤልጅግ ከገበያ ታግደዋል፤ አዲስ ሲገዙ ሽታቸው እስኪለቅ ውጭ አየር ላይ ማቆየት ይበጃል። ጠጉራም ምንጣፍ በቆላ ሙቀት አቧራና ላብ ስለሚይዝ አስም ላለበት ልጅ አይሆንም። ለሸዋ ሮቢት አየር የሚስማማው ያልተሰነጠቀ ሊሾ፣ ከላዩ ጫፉ በጨርቅ የተቀመቀመ ሰፊ ሰሌን፣ መኝታው ላይ ደግሞ ሽፋኑ እየወለቀ የሚታጠብ ቀጭን የጥጥ ፍራሽ ነው። ሊሾ በሌለበት ቤትም ሰሌኑና ፍራሹ በየቀኑ ተነሥተው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው ያለው አፈር ተጠርጎ ስንጥቁ ይደፈናል።