በ«ኢ» ያለቀ ሁሉ አንድ አይደለም

የድሮ የጃፓንኛ ተማሪዎቼ፣ ይቅርታ የምጠይቃችሁ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ «በ‹ኢ› የሚያልቅ ቅጽል አንድ ወገን፣ ‹ና› የሚያስከትል ሌላ ወገን፤ በቃ ሸምድዱት» ብያችሁ ነበር። ከዚያ አንዷ ፈተና ላይ «ቆንጆ አይደለም» ለማለት «ኪሬኩናይ» ብላ ጻፈች። በቀይ ሰረዝኩት። «ኪሬይ እኮ በ‹ኢ› ያልቃል፤ እንደዚያ ብለውን የለ እንዴ?» ስትለኝ «እሱ ልዩ ነው» ብዬ ዘጋኋት። ልዩ አይደለም። ታሪክ አለው።

በጥንቱ ጃፓንኛ፣ ማለትም ሙራሳኪ ሺኪቡ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «የጌንጂ ታሪክ»ን በጻፈችበት ቋንቋ፣ «ረጅም ተራራ» ታካኪ ያማ ነው። «ተራራው ረጅም ነው» ሲባል ደግሞ ቃሉ ታካሺ ይሆናል። ቀስ በቀስ በንግግር «ክ»ዋ ተዋጠችና ታካኪ ታካይ ሆነ፤ በሙሮማቺ ዘመን (1336–1573) የታካሺንም ቦታ ወረሰ። ስለዚህ የዛሬዋ «ኢ» የተበላች «ኪ» ናት። እንዲህ ያለው ቅጽል እንደ ግስ ይረባል፦ ታካኩናይ «ረጅም አይደለም»፣ ታካካታ «ረጅም ነበር»።

ጠዋት ጠዋት የምትሉት «ኦሃዮ ጎዛይማስ»ም ከዚሁ ቤት ነው። ሃያኩ (ቀደም ብሎ) «ክ»ዋን ጥሎ ሃያኡ፣ ከዚያ ሃዮ ሆነ። «አሪጋቶ» ደግሞ ከአሪጋታኩ የመጣ ነው፤ ቃሉ በመነሻው «በቀላሉ የማይገኝ፣ ብርቅ» ማለት ነበር። ለተደረገልህ ነገር «ብርቅ ነው» ብሎ ማመስገን፣ እኔን ሁሌ ደስ ይለኛል።

ከቻይና የመጡት ቃላት ግን ይህን እርባታ አልወሰዱም። የእኛን «ነው» የሚመስል «ናሪ» የሚባል ረዳት ተለጠፈላቸው (እንደ ሺዙካ፣ «ጸጥተኛ»፣ ያሉ አገር በቀሎችም አብረዋቸው አሉ)። ከስም በፊት ሲመጣ «ናሩ» ይባል ነበር፤ እሱ አጥሮ «ና» ሆነ። እኛስ «ዳውንሎድ አደረግኩ» እንላለን እንጂ ዳውንሎድን መቼ አረባነው?

ኪሬይ የቻይና ቃል ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኢ» የራሱ አካል ናት፤ «ኪ» ሆና አታውቅም። ለዚህ ነው «ኪሬይ ጃናይ» የሚባለው።

ያቺ ተማሪዬ፣ ይህን ካነበብሽ፦ ኪሬኩናይ ዛሬም ስህተት ነው፤ ማርኩን አልመልስልሽም። ይሄን መልስ ግን ያኔ ልሰጥሽ ይገባ ነበር።