ፈተናና ሕፃን፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ስላስመዘኑበት ሚዛን የተጻፈ ታሪክ

ልጅን ማሳደግ በእንጀራና በልብስ ብቻ እንዳይደለ፥ ማስተማርም የወላጅ ዕዳ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ይሁን እንጂ የልጁ መማር በምን ይታወቃል፤ ማንስ ይመዝነዋል፤ ተመዝኖ የጐደለውስ ልጅ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ሲሰጠው ኖሯል። ዛሬ በከተማ የሚኖር ወላጅ የስድስተኛ ክፍል ልጁን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለአስጠኚ ይሰጣል፤ ለልዩ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናም ያዘጋጀዋል፤ ገንዘቡን በአንድ ወገን፥ የልጁን ዕረፍት በሌላ ወገን አድርጎ ሲያመዛዝን ይጨነቃል። ይህ ጭንቀት ድንገት የመጣ አይደለም፤ የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩም የሚጀምረው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፥ በዛፍ ጥላ ሥር ከነበረው ከፊደል ቤት ነው።

በፊደል ቤት እንደ ዛሬው በዓመት የተለየ ክፍል አልነበረም። የአምስት ዓመቱም ሕፃን፥ የዐሥር ዓመቱም ልጅ በአንድ የኔታ ፊት ይቀመጡ ነበር። ልጁ በመጀመሪያ ሀሁን፥ ቀጥሎም አቡጊዳን ያጠናል፤ ከዚያም የዮሐንስን መልእክት በቁጥር፥ በግዕዝ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለፈ ያነባል፤ ወንጌለ ዮሐንስንም ተሻግሮ ከዳዊት ይደርሳል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ዕድሜው ደርሶ ወይም ዓመቱ አልቆ አልነበረም፤ የያዘውን ሳይሳሳት በየኔታ ፊት ሲያነብ ብቻ ነበር። የተሳሳተ እንደ ሆነ «ተመለስ» ይባላል እንጂ «ውጣ» አይባልም። አንዱ ልጅ በአንድ ዓመት የሚፈጽመውን ሌላው በሦስት ዓመት ቢፈጽመው፥ ዳዊት በደገመ ዕለት የወላጆቹ ደስታ አንድ ነበር፤ እንደ አቅማቸው ደግሰው መምህሩን ያከብሩ ነበርና።

ከዳዊት በላይ ያለውም ትምህርት በዚሁ ሥርዓት የቆመ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፥ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ከመወድስ ይደርሳል፤ የዘረፈውንም ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት እያቀረበ ይታረማል። ድጓ የተማረ ሰው ደግሞ ለመምህርነት የሚበቃ መሆኑን ለማስመስከር ወደ ጋይንት፥ ወደ ቤተልሔም ይሄድ ነበር። ይህ ማስመስከር ብርቱ ፈተና ነው። ነገር ግን ተማሪውን የሚለካው ከትምህርቱ ጋር እንጂ ከጓደኛው ጋር አልነበረም። ዐሥር ሰዎች ቢበቁ ዐሥሩም ይመሰከርላቸዋል፤ አንድም ሰው ባይበቃ ለአንድም አይመሰከርም።

አስጠኚም ቢሆን በዛሬ ዘመን የተፈጠረ አይደለም። በፊደል ቤት ቀድሞ ያወቀው ልጅ ታናሹን ያስቈጥረው ነበር፤ በላይኛውም ትምህርት ቤት ነባሩ ተማሪ አዲሱን ይቀጽለው ነበር፤ ስለዚህም ገንዘብ አይቀበልም፤ በማስጠናቱ የራሱ ትምህርት ይጸናለት ነበርና። የመኳንንት ቤቶች ግን ከዚህ ሌላ የቤት መምህር ያቆሙ ነበር። ራስ መኰንን በሐረር ለልጃቸው ለተፈሪ አባ ሳሙኤልንና የጓድሉፕ ደሴት ተወላጅ የነበረውን ሐኪም ቪታሊየንን አስተማሪ አድርገው እንደ ሰጡ የታወቀ ነው። እንግዲህ ለልጁ ለብቻው አስተማሪ የመግዛት ዕድል ከጥንትም ጀምሮ ከሀብት ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ነበረ።

የቀድሞው ትምህርት ግን ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ከሴቶች ልጆች ወደ የኔታ የሚላኩት ጥቂቶች ነበሩ፤ አለንጋውም ብዙ ሕፃን አስመርሯል፤ ቈሎ ተማሪም በረኃብና በውሻ መካከል እየለመነ ይማር ነበር። ደክሞት ከመንገድ የቀረውን ልጅ የሚቈጥር መዝገብም ስላልነበረ፥ የተሳካላቸው ብቻ በታሪክ ተጻፉ። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን የሚያነሣ ሰው በጎውን ለመውሰድ እንጂ ሁሉን ለማመስገን ሊያነሣው አይገባውም።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈቱ ጊዜ የወላጆች ጥያቄ «ልጄ ፈተናውን ያልፍ ይሆን?» የሚል አልነበረም፤ «ልጄን ልስጥ ወይስ ልከልክል?» የሚል ነበር እንጂ። የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል የሚል ፍርሃት ስለ ነበረ፥ ዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን አስተማሪዎች ከግብጽ፥ ከቅብጦች አስመጡ። ብልህ ወጣት ወደ ውጭ አገር የሚላከውም በታላላቅ ሰዎች ዘንድ በመታወቁ ነበር። ኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር የሄዱት በዚህ ዓይነት ነው። ይህ መንገድ ለአገር ታላላቅ ሰዎችን አስገኝቷል፤ ነገር ግን የሚያስታውሰው ታላቅ ሰው የሌለው የባላገር ልጅ በዚህ በር ሊገባ አይችልም ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ትምህርት ፈረሰ፤ ብዙ የተማሩ ወጣቶችም ተገደሉ። ነጻነት በተመለሰ ጊዜ መንግሥት ጸሓፊ፥ መምህር፥ ሐኪምና መሐንዲስ አጥብቆ ፈለገ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የጀኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። በሁለቱም ተማሪው ማደሪያና ቀለብ ተሰጥቶት ይማር ነበር። ቦታው ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ ስለ ሆነ ምርጫ የግድ ሆነ። ኋላም የስምንተኛው ክፍል ፈተና በመላው አገር ተስፋፋ፤ ሕዝቡም «ሚኒስትሪ» ብሎ ሰየመው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ጐበዞች በዩኒቨርሲቲው ሥር ወደ ነበረው ወደ በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ይሰበሰቡ ጀመር።

የዚህን ፈተና በጎነት መካድ አይገባም። የጭቃ ሹም ልጅና የጭሰኛ ልጅ በአንድ ወረቀት ላይ እኩል ተቀመጡ፤ አራሚውም የአባትን ማዕርግ ሳይሆን የልጁን መልስ አየ። በባዶ እግሩ ከገጠር የመጣ ልጅ በዚህ መሰላል ወጥቶ ሐኪምና ዳኛ ሆኗል። ነገር ግን ከዚህ ጋር አንድ ታላቅ ለውጥ ሳይስተዋል ገባ። የፊደል ቤት ፈተና ልጁ ማወቁን ይጠይቅ ነበር፤ የመግቢያ ፈተና ግን የሚለካው ልጁ ከስንት ሰው እንደሚበልጥ ነው። የቦታው ቍጥር አንድ መቶ ከሆነ፥ አንድ መቶ አንደኛው ልጅ ምንም ያህል ቢያውቅ «ውጣ» ይባላል።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። የዊንጌትን ትምህርት ቤት ስታግዝ የነበረችው እንግሊዝ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1944 ባወጣችው የትምህርት ሕግ መሠረት ልጆችን በዐሥራ አንድ ዓመታቸው ትፈትን ጀመረች። ከአራት ልጆች አንድ ያህሉ ከፍ ወዳለው ትምህርት ቤት ሲገባ የቀሩት ወደ ሌላው ይመደቡ ነበር። የቻሉ ወላጆች ለዚህች አንዲት ቀን አስጠኚ ቀጠሩ፤ በዐሥራ አንድ ዓመቱ ወደቀ የተባለ ልጅም ነገሩን እስከ ሽምግልናው የሚያስታውሰው ሆነ። በ1965 የእንግሊዝ መንግሥት አውራጃዎች ይህን መለያየት እንዲተዉ ጠየቀ፤ ብዙዎቹም ተዉት፤ እንደ ኬንት ያሉ ጥቂቶች ግን እስከ ዛሬ ይዘውታል።

በኢትዮጵያም የወላጆች ተስፋ በዚህ መሰላል ላይ ምን ያህል እንደ ተንጠለጠለ በ1966 ዓ.ም. ተገለጠ። ያን ጊዜ የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተባለው ሐሳብ ለብዙው ሕዝብ ልጅ የጥቂት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲበቃው፥ ከፍ ያለው ትምህርት ለጥቂቶች እንዲሆን የሚያደርግ መሆኑ ተሰማ። መምህራን በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችና ተማሪዎችም አብረዋቸው ተቃወሙ። ይህም ዘውዱን ከገለበጡት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ደኻ ወላጅ ጠባቡን መሰላል ታግሦ ነበር፤ ፈጽሞ ሊነሣበት መሆኑን ባየ ጊዜ ግን አልታገሠም።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተሠራ፤ ቀድሞ ደጃፉን አይተው የማያውቁ እጅግ ብዙ ሕፃናትም ገቡ፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። በዚያው ጊዜ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በፈተና ሳይጣሉ እንዲሻገሩ ተደረገ። ሐሳቡ የቀና ነበር፤ መምህሩ ዕለት በዕለት እየመዘነ የጐደለውን ይሞላል የሚል ነበርና። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ከስድሳ ሰባ በላይ ሕፃን ሲቀመጥ ዕለታዊው ምዘና ቀረና መሻገሩ ብቻ ተረፈ። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምርመራ፥ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስት አንድ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እንግዲህ የፊደል ቤት «ተመለስ» ይል ነበር፤ ሚኒስትሪ «ውጣ» አለ፤ ይህኛው ደግሞ «እለፍ» አለ።

«እለፍ» የተባለው ዕዳ ግን አልተሰረዘም፤ ወደ ፊት ተላለፈ እንጂ። የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፥ ስርቆት እንዳይኖር ተፈታኞቹን በየዩኒቨርሲቲው አስገብቶ በተሰጠ ጊዜ፥ ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ነበሩ። ይህ ዜና የአገሩን ወላጅ ሁሉ አስደነገጠ። በአዲሱም ሥርዓተ ትምህርት የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ክልላዊ ፈተና ይፈተናሉ። ስለዚህ ድንጋጤው ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ወደ ታች ወርዶ ከሕፃናቱ ደረሰ፤ የአስጠኚም ገበያ ደራ።

እንግዲህ አስተዋይ ወላጅ ከዚህ ታሪክ ምን ይወስዳል? አስጠኚ በራሱ ክፉ አይደለም። ልጁ በሦስተኛ ክፍል የሳተውን ማካፈል ወይም ያላጠናውን ንባብ ፈልጎ ወደዚያው የሚመልሰው አስጠኚ የቀድሞውን ታላቅ ተማሪ ሥራ ይሠራል፤ የሚከፈለውም ገንዘብ አይጠፋም። ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀቶች እያስሸመደደ ልጁን ስለ አንዲት ቀን ብቻ የሚያዘጋጅ ግን ሕንፃውን ያለ መሠረት የሚያቆም ነው። እንቅልፍና ጨዋታ የተነፈገ ሕፃንም የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

ለጐበዞች የተለዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። አእምሮ ኖሮት ገንዘብ ለሌለው ልጅ ከእነርሱ የሚበልጥ በር የለም፤ ስለዚህ ሊነቀፉ አይገባም። ነገር ግን መግቢያቸው አስጠኚ መክፈል ለቻለ ሰው ብቻ የሚከፈት ከሆነ፥ የጭሰኛን ልጅ ከጭቃ ሹም ልጅ ጋር ያስተካከለው ሚዛን ወደ ቀድሞው አድልዎ ይመለሳል። ደግሞም ያልተመረጠው ልጅ ለአገሩ የሚቀር ልጅ ነው፤ የሚያርሰውም፥ የሚነግደውም፥ ሕፃን የሚያሳድገውም እርሱ ነው፤ በዐሥራ ሁለት ዓመቱ «አልቻልክም» ብሎ ማሰናበት ለማንም ትርፍ የለውም።

ስለዚህ ወላጅ የልጁን የፈተና ወረቀት በተቀበለ ጊዜ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው «ከስንት ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ሳይሆን «ወዴት እንመለስ?» የሚለውን ነው። መምህሩንም የጐደለውን ስፍራ እንዲያሳየው ቢጠይቀው፥ ትምህርት ቤቱም ለመመለስ ጊዜና መምህር ቢያዘጋጅ፥ ፈተና የሕፃን መጣያ መሆኑ ቀርቶ መንገድ ማሳያ ይሆናል። የኔታ በዛፍ ሥር ተቀምጠው፥ ያለ ወረቀትና ያለ ማኅተም የሠሩበት ሥርዓት ይህ ነበር። ልጁን ወደ ሳተበት ፊደል ይመልሱታል፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለውም፥ የዘገየው ልጅ በጊዜው ዳዊቱን ይደግማል።